ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንዲጫወት እንዴት እንረዳው?

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈር ልጆች ሜዳውን ይሞሉታል፤ የክረምት በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለማደስና ችግኝ ለመትከል ይሰማራሉ። በዚያው ሰፈር ጨዋታውን በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ወይም ጫጫታውን ብቻ የሚሰማ ልጅ አለ። ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ልዩነት)፣ ዳውን ሲንድሮም (ከልደት ጀምሮ ያለ፣ እድገትንና መማርን የሚያዘገይ ሁኔታ) ወይም ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ይኖርበት ይሆናል፤ ማየት ወይም መስማት የተሳነውም ሊሆን ይችላል። ይህን ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእኩዮቹ ጋር ለማጫወት ያሰባችሁ ወጣቶች ካላችሁ፣ ገንዘቡ ብዙም አያሳስባችሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ።

መጀመሪያ ወደ ቤቱ

ሜዳ ከመፈለጋችሁ በፊት እናቱን አግኙ። ለብቻችሁ ሄዳችሁ በር አታንኳኩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም ቤተሰቡ የሚያከብረውን የእድር ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ልጃቸውን ከሰው ዐይን የሚሸሽጉ ወላጆች አሉ። ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ "እርግማን ነው" የሚለው የጎረቤት ሹክሹክታ አቁስሏቸው ነው። ቡና ከተፈላ እስከ በረካው ተቀመጡ። "ምን ሆኖ ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ኖራለች። "ምን ያስደስተዋል?" በሏት።

የምትነግራችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ፦ የሚወደውን፣ የሚያስፈራውን፣ ውኃ ሲጠማውና ሽንቱ ሲመጣ እንዴት እንደሚያሳውቅ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ማን እንደሚያመጣውና እንደሚወስደው። የሚጥል በሽታ ካለበት ሁላችሁም አስቀድማችሁ ተለማመዱ። ልጁ ሲወድቅ ከአካባቢው ጠንካራ ነገር አርቁ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት፣ እጅና እግሩን ተጭኖ መያዝ ክልክል ነው፤ ከዙሪያው የሚሮጥ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ስለሆነ አንዳችሁ ሰው የሚከለክል ሁኑ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየበት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ቦታው

ሰፊና የተጨናነቀ ሜዳ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። የወጣት ማዕከል ግቢ ወይም ወላጆች ተቀምጠው የሚያዩት ጥግ ይሻላል። በክረምት አዳራሽ ከመረጣችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ጨዋታችንን እንቀጥላለን፤ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ያ ድምፅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛ ሥር የሚያስገባው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝምታ ያለበት አንድ ክፍል ወይም በረንዳ አዘጋጁ። ሲገባ የሚከተለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በሩም አይዘጋ።

"ይህ ቦታ ለእነሱ አይሆንም" የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ አትጣሉ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት እንዲሳተፉ ይጠይቃል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህን በጨዋ ደብዳቤ ጽፎ ማስገባት ከብዙ ልመና ይበልጣል።

ጨዋታውን መለወጥ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ልጁን ለጨዋታው ለማስተካከል አትድከሙ፤ የሚስተካከለው ጨዋታው ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ለምትጠቀም ልጅ የሰኞ ማክሰኞውን ሳጥን አንድ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ በጠመኔ አስምሩት፤ ድንጋዩን ራሷ ትወርውር፣ መንኮራኩሯንም በተራዋ ራሷ ትግፋ። በድብብቆሽ መስማት የተሳነው ልጅ ካለ፣ ቆጣሪው በጣቶቹ ይቁጠር፣ ሲጨርስም ነጠላ ያውለብልብ። ገበጣማ ብዙ ማስተካከያ አይፈልግም፤ ማየት የተሳነው ልጅ ጉድጓዱንና ጠጠሩን በጣቱ እየዳሰሰ ዐይናማውን ሊረታው ይችላል።

ኳስ ከሆነ ድምፅ ያስፈልገዋል። አንድ ሰሞን በጨርቅ ኳስ ውስጥ ጠጠር ቀብረን ሞክረን ነበር፤ ጨርቁ ድምፁን አፈነው። የሠራልን ተራውን ኳስ በአሮጌ ፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ነው፤ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል። ከግቡ ጀርባ አንድ ልጅ ቆሞ ያጨብጭብ፤ ተመልካቹ ዝም ይበል። ሁሉም ዐይኑን በሻሽ ቢያስር ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 በጦርነት ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች የተፈጠረው ጎልቦል እንዲህ ነው፤ በየወገኑ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ሁሉም ዐይናቸውን ሸፍነው፣ ቃጭል ያለውን ኳስ ያንከባልላሉ። በእኛ ሰፈር ይህን ስንጫወት ከሁሉ የተሻለው ተጫዋች ማን እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቅ የሚያስጨንቀው ልጅ ካለ፣ በካርቶን ላይ ሦስት ሥዕል ሥሩለት፦ ሰላምታ፣ ኳስ፣ ዳቦ። አንዱ ሲያልቅ ራሱ ይገልብጠው። የመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ሳይሰለች ወደ ቤቱ ይሂድ።

እጃችሁን መሰብሰብ

በጎ ፈቃደኝነት በጀመርኩበት ክረምት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ተሰጠኝ። ከሰዓቱን ሙሉ እጁን ይዤ ሮጥኩ፤ እግሩን በእግሬ ገፍቼ ጎል አስቆጠርኩት፤ ሜዳው በጭብጨባ ቀለጠ። ልትወስደው የመጣችው እናቱ ሳቅ ብላ "ዛሬማ አንተ ስትጫወት ዋልክ" አለችኝ። ላቤን ስጠርግ ነበር፤ መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ዘዴ ይህ ነው። በአጭር ቃል ንገሩት፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልጀመረ ራሳችሁ አድርጋችሁ አሳዩት፤ እንደገና ቁጠሩ። አሁንም ካልሆነ ክንዱን ለቀቅ አድርጋችሁ ደግፉት፣ ወዲያውም ልቀቁ። አሥሩ ቁጥር በጣም ይረዝማል፤ ቻሉት።

ሌሎች ልጆች "ለምን አይናገርም?" ብለው ሲጠይቁ "ዝም በል፣ ነውር ነው" አትበሉ። "በአፉ አይናገርም፣ በእጁ ያሳይሃል፤ ኳሱን ሲፈልግ ደረቱን ይነካል" ብላችሁ እውነቱን ንገሯቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለአዲስ መጪ የሚያስረዱት እነሱ ናቸው።

ሽንት ቤት የሚወስደው ቤተሰቡ ወይም ቤተሰቡ የመረጠው አዋቂ እንጂ ወጣት በጎ ፈቃደኛ አይደለም። ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሳ፤ በቴሌግራም የሚለጠፈው "የበጎነት" ፎቶ የሚያስመሰግነው አንሺውን ነው፣ ልጁ ግን ከነስሙ መጠቋቆሚያ ሊሆን ይችላል።

መስከረም ከመጥባቱ በፊት

ተማሪዎች ናችሁና ትሄዳላችሁ፤ ልጁ ግን ቅዳሜ ሲመጣ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ የመጨረሻውን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቡለት፤ በየሳምንቱም አብራችሁ ሰርዙ። ከሰፈሩ ልጆች ሁለቱን ምረጡና ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲጠሩት አስለምዷቸው። መጀመሪያ አብራችኋቸው ሂዱ፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ እዩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ያችን አንድ ገጽ ገልብጣችሁ ስጧቸውና ብቻቸውን ያንኳኩ።