የሚቀላው ጉንጬና ብጉራም አገጬ እንዴት ተረጋጉ
ጉንጬ ይቀላል፣ ይለበልባል። አገጬ ላይ ደግሞ ብጉር። የብጉር ቅባት ስቀባ ቅላቱ ይብስብኛል። የቆዳ ሐኪሟ በማጉያ መነጽር አይታ ለየችው፦ ጥቁር ነጥብ የሌለው የጉንጬ ሽፍታ ሮዜሺያ (ፊትን የሚያቀላ ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም) ነው፤ አገጬ ላይ ያለው ግን ብጉር።

ለሁለቱም የሚሆን 15% አዜላይክ አሲድ ጄል አዘዘችልኝ። መጀመሪያ አካባቢ ያቃጥላል፣ ያሳክካልም። ያገዘኝ አቀባቡ ነው፦ ፊቴን ለብ ባለ ውሃ ታጥቤ በደንብ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ በላዩ ስስ አድርጌ ጄሉን፤ ያውም አንድ ቀን እየዘለልኩ። ቆዳዬ ሲለምደው በየቀኑ ሆነ።

ጠዋት ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ። ስክራብ (ቆዳ መፈግፈጊያ) እና አልኮል ያለበት ቶነር (ከታጠቡ በኋላ ፊት ላይ የሚቀባ ፈሳሽ) መጠቀም አቆምኩ። ስቴሮይድ ቅባት ፊት ላይ ጭራሽ አይነካም፤ ለጊዜው ቢያስታግስም ሮዜሺያን ያባብሳል።

ለውጡ ወራት ወስዷል። አሁን ብጉሩ የለም ማለት ይቻላል፤ ቅላቱ ግን ሙቀት ሲበዛ ብቅ ይላል።