ዘፈን ሲያወዳድሩ ሳይቀያየሙ ለመከራከር

ድሬዳዋ ከዚራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው አሥር ዘፈኖችን በደረጃ የሚያሰልፉ ጓደኛሞች አስቀድመው በመለኪያው ካልተስማሙ፣ ክርክሩ ስለ ዘፈኑ መሆኑ ይቀርና ስለ ሰውየው ይሆናል። ስለዚህ ለድምፅ፣ ለግጥምና ለዜማ ለየብቻ ከ10 ነጥብ መስጠት ይበጃል፤ እያንዳንዱም ነጥቡን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አጥፎ ያስቀምጥ፣ አለዚያ ቀድሞ የተናገረው ሌላውን ይጎትታል። ትዝታን ከባቲ ጋር ከማፎካከር ይልቅ በየቅኝቱ መመደብ ይሻላል።

በዚችው ከተማ የተወለደው አሊ ቢራ ሲነሳ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ስንኙ እስኪተረጎምለት ድረስ በግጥሙ ላይ ነጥብ ከመስጠት ይታቀብ (እኔ ራሴ ከተተረጎመልኝ በኋላ 4 የሰጠሁትን 9 አድርጌዋለሁ)። ነጥቡ እኩል ከሆነ ዘፈኑ እንደገና ይከፈት፤ ሲያልቅም ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠው ሰው በቅድሚያ ምክንያቱን ይናገር።