የማቴዎስን የትውልድ ዝርዝር ስታነቡ

“እገሌ እገሌን ወለደ” ሲበዛ ማቴዎስ 1ን ዘላችሁ ወደ ኢየሱስ ልደት ታሪክ ታልፋላችሁ አይደል? እርሳስ ያዙና የእናት ስም በመጣ ቁጥር አስምሩ። ትዕማር፣ ራኬብ፣ ሩት፣ የኦርዮ ሚስት፣ ከዚያ ማርያም። ቀጥሎ ታሪካቸውን ፈልጉ። ትዕማር ዘፍጥረት 38 ላይ አለች። ራኬብን ኢያሱ 2 ላይ ረዓብ ተብላ ታገኟታላችሁ። ሩት ሞዓባዊት ናት። ንጉሥ ዳዊት ባሏን አስገድሎ ያገባት የኦርዮ ሚስት ቤርሳቤህ ግን በስሟ እንኳ አልተጠራችም። የዳዊት በደል በተገደለው ባሏ ስም እዚያው ዘር ሐረጉ ውስጥ ተጽፎ ቀረ፤ እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። እኛ አዳማ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር እንዲህ ያለውን ገመና ማን ያነሳል!

ጊዜ ካላችሁ 1ኛ ዜና መዋዕል 3ንም ጎን ለጎን ክፈቱ። ማቴዎስ ከኢዮራም ቀጥሎ ሦስት ነገሥታትን ዘሏል፤ እነማን እንደሆኑ እዚያ ታገኛላችሁ።