ለጌምም ለዲዛይንም የሚሆን ኮምፒውተር ስትገጣጥሙ

መጀመሪያ ለግራፊክስ ካርዱ (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ለሚሠራው ክፍል) ብር መድቡ። ሌላው በሚተርፈው ይገዛል። ጌም ብቻ ከሆነ አርቲኤክስ 4060 የሚባለው ካርድ ይበቃል። ብሌንደር (የ3ዲ ዲዛይን ሶፍትዌር) ላይ ከባድ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ግን እኔ አሮጌውን 3060 እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም አዲሱ 8 ጊጋ ሜሞሪ ሲኖረው አሮጌው 12 አለው (ባለ 8 የሆነ 3060ም ስላለ ካርቶኑን አገላብጣችሁ እዩ)። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ሬንደሩ (ዲዛይኑን ወደ መጨረሻ ምስል መቀየሩ) ወይ ይንቀረፈፋል ወይ ጭራሽ ይቆማል።

ፕሮሰሰር ላይ ብዙ አትጨነቁ። ራይዘን 5 7600 ባለ 6 ኮር ነው፣ ለሁለቱም ይሆናል። ግን የሚቀበለው ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ነው፤ ቤት ያለውን ዲዲአር4 እሰካለሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ራሙ 32 ጊጋ ይሁን፣ ባለ 16 ሁለት። አንድ ብቻ ከሰካችሁ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ባለ 4 ቀዳዳ ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነው። ለፋይል ማስቀመጫ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ጨምሩበት፣ አለቀ።

ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ግን አትሰስቱ! እኔ ከኬዙ ጋር በነፃ የመጣውን ተጠቅሜ፣ አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ አለና ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። 550 ዋትና ከዚያ በላይ፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ምልክት (መብራት ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ ደረጃ) ያለበትን ፈልጉ። በእጃችሁም መዝኑት፤ እንደ ላባ ከቀለላችሁ ተዉት።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊት ከባድ ጌም ከፍታችሁ 20 ደቂቃ ተጫወቱ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።