የእርዳታ ማመልከቻ በሕገ መንግሥት አንቀጽ ስለማስደገፍ

በወሎ ገጠር ለአረጋዊ እናቱ ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ልመና ከመደርደር ይልቅ አንቀጽ ቢጠቅስ ይሻላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ግን ለማሳበቢያ ስለሚመች፣ ተመሳሳይ ድጋፍ በቀበሌው ለሌሎች እየተሰጠ ከሆነ ያንኑ መግለጽ ያስፈልጋል። ድርቅ ወይም በረዶ ሰብል ካጠፋ፣ እርዳታ ለተጎጂው በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግን ኃላፊነት በመንግሥት ላይ የጣለው አንቀጽ 89(3) ይጠቀሳል፤ ጤፉ የተመታበት ቀን፣ የማሳው ስፋት በጥማድ፣ የቤተሰቡም ቁጥር አብሮ ይጻፍ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ቀርቦ በአንዱ ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግበት፤ በቃል «ደርሶናል» መባል አይበቃም። ምላሽ ከዘገየ ለወረዳው፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል።