ማርሽ የሌለው ርካሽ ሳይክል ለከተማ ስትገዙ ምን ምን ማየት አለባችሁ

ባህር ዳር ለሳይክል የተመቸች ከተማ ነች፣ ሜዳ ነች፣ ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ ፔዳ፣ ከፔዳ አባይ ማዶ ብትሄዱ እግር የሚሰብር ዳገት አያጋጥማችሁም፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ራሱ የሳይክል መስመር አለው። እንደዚህ አይነት ከተማ ውስጥ ለስራ፣ ለትምህርት፣ ለገበያ የምትመላለሱበት ረከስ ያለ ሳይክል ከፈለጋችሁ ማርሽ የሌለውን ግዙ ነው የምለው። ማርሹ ላይ ሊወጣ የነበረውን ብር ፍሬኑና ጎማው ላይ አውሉት።

ለምን መሰላችሁ፣ በዚያው ብር ባለ 21 ማርሽ ከነሞላው የሚያምር ሳይክል ታገኛላችሁ ግን ብሩ ተበታትኖ ነው የገባው፣ ማርሹም ርካሽ ሞላውም ርካሽ ፍሬኑም ርካሽ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እንደሱ ነበር፣ በጥቂት ወር ውስጥ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ተጣሞ ራጂው (የጎማው ቀጫጭን ሽቦ) ውስጥ ገባና ራጂውንም ይዞት ሄደ፣ እቃው ደግሞ ሲፈለግ የለም። ማርሽ የሌለው ላይ ግን የሚበላሸው ነገር ጥቂት ነው፣ የሚበላሸውንም ሰፈር ያለ ጠጋኝ ሁሉ ያውቀዋል። እነዚያ ጥቋቁር የቻይናና የህንድ ትልልቅ ሳይክሎች፣ ፎኒክስ ሂሮ ምናምን፣ ስንት አመት እህል ተጭኖባቸው እስካሁን የሚሄዱት እኮ ለዚህ ነው።

ዳገት ያለበት ከተማ ከሆነ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከፒያሳ ለገሃር መውረድ ደስ ይላል፣ መመለሱ ላይ ግን ያለ ማርሽ ትገፉታላችሁ። ለባህር ዳር፣ ለሀዋሳ፣ ለባቱ ግን ችግር የለውም፣ ባህር ዳርም ቢሆን ቤዛዊት ስትወጡ ወርዳችሁ መግፋት ነው፣ እሱን እወቁት።

አሁን ማንም የማያየው ግን እኔ መጀመሪያ የማየው ነገር ካቴናው (ሰንሰለቱ) የሚያርፍበት ጥርስ ነው። የፊተኛውን ጥርስ ቁጠሩ የኋለኛውንም ቁጠሩ፣ የፊቱን ለኋላው አካፍሉት። ለምሳሌ 44 እና 18 ከሆነ 2.4 ገደማ ይመጣል፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ዙር ተኩል ሊሆን ትንሽ የቀረው ይዞራል ማለት ነው፣ በትልቁ 28 ጎማ ደግሞ 5 ሜትር ከምናምን ትሄዳላችሁ፣ በደቂቃ 60 ጊዜ ብትመቱ በሰአት 19 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ለከተማ ይበቃል። ከ3 ካለፈ ስትነሱ ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል፣ በተለይ እቃ ወይ ልጅ ከኋላ የምትጭኑ ከሆነ። ሌላው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ይሄ ብቻ ከከበዳችሁ አትተዉት፣ የኋላውን ጥርስ በ20 ወይ በ22 ማስቀየር ይቻላል፣ ትንሽ ወጪ ናት።

ከዛ የኋላው ጎማ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ዳዶው ሲላላ ጎማው ወደኋላ የሚሳብበት ረዘም ያለ ክፍተት ሊኖረው ይገባል፣ ካቴና ሲረግብ የሚወጠረው በዛ ነው። ባለማርሽ ሳይክል ማርሹ ተነቅሎለት "ያለማርሽ ነው" ተብሎ የሚሸጥ አለ፣ የብዙዎቹ ክፍተት ወደታች ነው የሚመለከተው፣ ካቴናው መወጠሪያ ካልተገጠመለት እየወለቀ ያሰቃያችኋል። ካቴናውን መሃሉ ላይ በጣት ስትገፉት አንድ ሴንቲ ያህል ከተወዛወዘ ልክ ነው።

ያገለገለ ከሆነ አትቸኩሉ። ቀለም አትዩ፣ ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል። መሪው ስር ያለውን የፍሬም መገጣጠሚያ በጣት ዳስሱት፣ ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሳይክሉ ከፊት ተጋጭቷል፣ ያኔ ዋጋው ምንም ቢሆን ትታችሁ ሂዱ፣ ፍሬም ላይ ብየዳ ካያችሁም እንደዛው። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ወዝውዙት፣ መሪው ስር ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይ አልቋል። ፔዳሎቹ የተያያዙበትን ብረት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፣ እዛም እንደዛው። ከዛ ገልብጡትና ጎማዎቹን አሽከርክሩ፣ ቸርኬው ትንሽ ከተወላገደ በራጂ ይስተካከላል፣ በጣም ከሆነ ግን ወጪው ብዙ ነው። ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ፊት ለፊት ይዛችሁ ሳቡት፣ ተነስቶ ግማሽ ጥርስ ካሳያችሁ አልቋል፣ ብዙ ጊዜ ጥርሱንም አብሮ በልቶታል። ያልቅ ይሆናል፣ ይቀየራል፣ ግን ከዋጋው አስቀንሱበት።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። ሁለት ፍሬን ይኑረው፣ የፊትና የኋላ። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ ለመያዝ ይዘገያል፣ ክረምት ላይ ከፊታችሁ ባጃጅ ድንገት ሲቆም ያስጨንቃል፣ ስለዚህ ከተገኘ የአሉሚኒየም ቸርኬ ይሻላል። ፔዳሉን ወደኋላ ስትመቱት የሚይዘው አይነት ፍሬን ዝናብ አይነካውም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ካቴና ከወለቀ እሱም የለም፣ የፊት የእጅ ፍሬን አብሮ ይኑር።

ቁመቱን ቆማችሁ ለኩት፣ አግዳሚ ብረቱን በእግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ስትቆሙ ሁለቱም እግር መሬት ይንካ። ነጠላ ወይም ቀሚስ የምትለብሱ ብረቱ ዝቅ ያለውንና የካቴና መሸፈኛ ያለውን ምረጡ፣ ነጠላ ራጂ ውስጥ ሲገባ ሰው ይጥላል።

የጎማ ቁጥር ሳታነቡ አትክፈሉ። የድሮው 28 ጎማ ጎኑ ላይ 635 ይላል፣ ከውጭ የሚመጣው ቀጭኑ 622፣ ለአይን አንድ ይመስላሉ ግን አንዱ ለሌላው አይገባም። ከመግዛታችሁ በፊት ጠጋኙ ጋ ሄዳችሁ የትኛው ጎማና ካላማዳሪ በቀላሉ እንደሚገኝ ጠይቁ፣ እሱን ግዙ።

ደረሰኝ ጠይቁ፣ ከሰው ከሆነ በምስክር ውል ተጻጻፉና ፔዳሉ ስር ወይ መቀመጫው ስር የተቀረጸውን የፍሬም ቁጥር ውሉ ላይ አስፍሩ፣ የተሰረቀ ሳይክል ይዞ መገኘት ብዙ ጣጣ አለው። ከያዛችሁት ብር ላይ ደግሞ ለጥሩ ቁልፍ፣ ለፍሬን ጎማ፣ ለመብራትና ለዘይት አስቀሩ።

ከወሰዳችሁት በኋላ መቀመጫውን ተረከዛችሁ የታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግራችሁ ቀጥ እስኪል ከፍ አድርጉት፣ ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው ጉልበቱን የሚያመውም ለዛ ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ የጎማዎቹን ዳዶ፣ መሪውንና ፔዳሉን ደግማችሁ በመፍቻ አጥብቁ፣ አዲስ የተገጠመ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይላላል።