ለዎርድፕረስ ዌብሳይት የሚበጁ ነፃ ፕለጊኖች፦ ምን፣ በየትኛው ቅደም ተከተል ይጫን?

ዌብሳይት የሚሠራበት ዎርድፕረስ ነፃ ነው፤ ተጨማሪ ተግባር ከሚሰጡት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ከፕለጊኖቹም አብዛኞቹ ነፃ ናቸው። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በይፋዊው ማከማቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፕለጊኖች ስላሉ፣ አዲስ ዌብሳይት የከፈተ ሰው ያማረውን ሁሉ ሲጭን ይከርምና ገጹ ለመከፈት ሲንቀራፈፍ ግራ ይጋባል። የእኔ ደንብ ለአንድ ሥራ አንድ ፕለጊን ነው፤ ሥራው ከሌለ ደግሞ ምንም።

ማንኛውንም ፕለጊን ከመጫንዎ በፊት መግለጫው ላይ መጨረሻ የታደሰበትን ጊዜና የተፈተነበትን የዎርድፕረስ ዕትም ይመልከቱ። ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ይለፉት፤ የተጠቃሚው ብዛት አያታልልዎ። የሚሸጥ ፕለጊን በነፃ እንሰጣለን ከሚሉ ገጾች የሚወርድ ፋይልን ደግሞ በጭራሽ አይጫኑ። ውስጡ ምን እንደተሸጎጠ አይታወቅም። አጫጫኑ ራሱ ቀላል ነው፦ ዳሽቦርዱ ላይ «ፕለጊንስ» ውስጥ ገብቶ ስሙን መፈለግ፣ መጫን፣ ማንቃት።

1. ከሁሉ በፊት ምትኬ (ባክአፕ)

ብዙ ሰው በፍለጋ ውጤት ፕለጊን ይጀምራል። ዌብሳይቱ ሊጠፋ የሚችል ከሆነ ግን ጎግል ላይ ቢታይ ምን ዋጋ አለው? የምመርጠው አፕድራፍትፕላስን ነው። ነፃው ዕትም ለአንድ ተራ ዌብሳይት ይበቃል። ቅንብሩን ሲከፍቱ ሁለት የጊዜ ሰሌዳ ያገኛሉ፤ አንዱ ለፋይሎች፣ ሌላው ለዳታቤዝ። ጽሑፎችና አስተያየቶች የሚቀመጡት ዳታቤዙ ውስጥ ስለሆነ እሱን በየቀኑ፣ ፋይሎቹን በየሳምንቱ ያድርጉ።

ቀጣዩ ጥያቄ ምትኬው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ምንም ካልመረጡ ዌብሳይቱ ያለበት ሰርቨር ላይ ይከማቻል፤ ይህ ደግሞ ምትኬ ሊባል አይገባውም። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ የሚገኝ የኦቪኤች የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲወድም በርካታ ዌብሳይቶች አብረው ጠፍተዋል፤ ቅጂያቸውን ሌላ ቦታ ያላኖሩትም የሚመልሱት ነገር አጥተዋል። ስለዚህ ጎግል ድራይቭን ወይም ድሮፕቦክስን ይምረጡ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። የጎግል ድራይቭን ምልክት መርጦ ለውጡን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ካስቀመጡ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ ማስፈንጠሪያ ብቅ ይላል፤ እሱን ተከትለው በራስዎ መለያ ገብተው ካልፈቀዱ አንዲት ፋይል እንኳ ወደ ድራይቩ አትሄድም። ከፈቀዱ በኋላ «ባክአፕ ናው» የሚለውን ይጫኑ፤ ሲያልቅ ድራይቩን ከፍተው በዓይንዎ ይዩ። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ ዲቢ፣ ፕለጊንስ፣ ቴምስ፣ አፕሎድስ እና አዘርስ የሚሉትን ማግኘት አለብዎት። ዲቢ የሚለው ከሌለ ጽሑፎችዎ የሉም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዎርድፕረስ በሰዓት የተያዙ ሥራዎቹን የሚያስታውሰው አንድ ሰው ገጹን ሲጎበኝ ነው። ጎብኚ በሌለበት ዌብሳይት ላይ የሌሊቱ ምትኬ ረፋድ ላይ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ሊሠራ ይችላል። ዌብሳይትዎ ገና ጀማሪ ከሆነ የመጨረሻው ምትኬ የተወሰደበትን ቀን አልፎ አልፎ ያረጋግጡ።

መመለስ መቻሉን ደግሞ ይፈትኑ። ጊዜው ጽሑፍ ሳይበዛ ነው፦ የሙከራ ጽሑፍ ያትሙ፣ ምትኬ ይውሰዱ፣ ጽሑፉን ለዘለቄታው ይሰርዙ፣ ከዚያ ዳታቤዙን ብቻ መርጠው «ሪስቶር» ይበሉ። ጽሑፉ ተመልሶ ከመጣ ነገሩ ሠርቷል። ዳታቤዝ ሲመለስ ሁሉም ነገር ምትኬው ወደተወሰደበት ሰዓት እንደሚመለስ አይርሱ፤ በመካከል የመጣ አስተያየት ይጠፋል፣ የይለፍ ቃልዎም የያኔው ይሆናል። ፋይሎችን በሚመልሱበት ጊዜ አሮጌዎቹ ማህደሮች ሰርቨሩ ላይ ይቀራሉ፤ ሁሉ ነገር መሥራቱን ካዩ በኋላ ፕለጊኑ ራሱ እንዲሰርዛቸው ይዘዙት።

2. ቆሻሻ አስተያየት (ስፓም)

አኪስሜት ከዎርድፕረስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ግን ምዝገባና ቁልፍ የሚባል ኮድ ይፈልጋል፣ ነፃ የሚሆነውም ለንግድ ላልሆነ የግል ገጽ ብቻ ነው። አንቲስፓም ቢ ምዝገባም ቁልፍም አይጠይቅም፣ የንግድ ገጽ ላይም በነፃ ይሠራል። እኔ ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

3. የመልእክት ቅጽ

ኮንታክት ፎርም 7 ቀላልና የቆየ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ የተላከለትን መልእክት በኢሜይል ያሻግራል እንጂ የትም አያስቀምጥም። ኢሜይሉ መንገድ ላይ ከቀረ መልእክቱም ቀረ። በዚያው ባለሙያ የተሠራውን ፍላሚንጎን አብረው ይጫኑ፤ እያንዳንዱን መልእክት ዳታቤዙ ውስጥ ይይዛል። ከዌብሳይቱ የሚወጡ ኢሜይሎች አላስፈላጊ ሳጥን ውስጥ የሚወድቁ ከሆነ ደግሞ ደብልዩፒ ሜይል ኤስኤምቲፒ ያስፈልግዎታል።

4. ፍጥነት

የካሽ ፕለጊን የተዘጋጀ የገጽ ቅጂ (ካሽ) አስቀምጦ ለጎብኚ ቶሎ ያቀርባል። ሰርቨሩ ላይትስፒድ በተባለው ሶፍትዌር የሚሠራ መሆን አለመሆኑን የሚያከራይዎትን ድርጅት ይጠይቁ። ከሆነ ላይትስፒድ ካሽ፣ ካልሆነ ደብልዩፒ ሱፐር ካሽ። ሁለት የካሽ ፕለጊን አብሮ መጫን ፍጥነት አይጨምርም፤ እርስ በርስ ያጣላቸዋል። ያስተካከሉት ጽሑፍ ገጹ ላይ አልታይ ካለዎትም ከመበሳጨትዎ በፊት ካሹን ያጽዱ።

ምስሎች ጎብኚው ወደ እነሱ ሲደርስ ብቻ እንዲከፈቱ የሚያደርግ ፕለጊን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ዕትም 5.5 ጀምሮ ዎርድፕረስ ራሱ ይሠራዋል። ለጎግልና ለመሰሎቹ ገጾቹን የሚዘረዝረውን ሳይትማፕም ጨምሯል።

5. የፍለጋ ውጤት

ዮስት ወይም ራንክ ማዝ፤ የትኛውም ቢሆን አንዱ ብቻ። ርዕስና አጭር መግለጫ ለመሙላት ይጠቅማሉ። እነሱ ለጽሑፍ የሚሰጡትን አረንጓዴ ምልክት ለማግኘት ብሎ ዓረፍተ ነገር ማጣመም ግን ለአንባቢ ንቀት ነው።

በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ከዚህ ይልቅ የገጹን አድራሻ ቢያይ ይሻለዋል። ዎርድፕረስ ርዕሱን ወደ አድራሻ ሲቀይር እያንዳንዱ ፊደላችን 9 ምልክት ይሆናል፤ ቦታው ደግሞ 200 ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ 22ኛው ፊደል አካባቢ ርዕሱ ይቆረጣል፣ ተቀድቶ ሲላክም በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተሞላ ረጅም ድርድር ይሆናል። ከማተምዎ በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥረው ይጻፉት። ለዚህ ፕለጊን አያሻም።

6. ጥበቃ

ወርድፌንስ ጥሩ ነው፤ የነፃው ተጠቃሚ ግን አዳዲስ የመከላከያ ደንቦችን የሚያገኘው ከከፋዩ 30 ቀን ዘግይቶ ነው፣ ፍተሻውም ደካማ ሰርቨርን ያስጨንቃል። ለትንሽ ገጽ የመግቢያ ሙከራዎችን የሚገድበው ሊሚት ሎጊን አተምፕትስ ሪሎዴድ እና ጠንካራ የይለፍ ቃል ይበቃሉ ባይ ነኝ።

ፕለጊን ገጹን ሲጥለው

ከዕትም 5.2 ወዲህ ዎርድፕረስ ገጹ በፕለጊን ስህተት ሲወድቅ ለአስተዳዳሪው ኢሜይል ይልካል፤ በውስጡ ባለው ማስፈንጠሪያ ገብተው ጥፋተኛውን ያጠፋሉ። ኢሜይሉ ካልመጣ በሰርቨሩ የፋይል ማስተዳደሪያ ይግቡና «ደብልዩፒ ኮንቴንት» ውስጥ ካለው የፕለጊኖች ማህደር የተጠረጠረውን ፈልገው ስሙን ይቀይሩት። ዎርድፕረስ ሲያጣው ሥራውን ያቆመዋል፣ ዳሽቦርዱም ይከፈታል። የማይፈልጉትን ፕለጊን ግን ሥራውን ማስቆም ብቻ ሳይሆን ይሰርዙት፤ የቆመ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቆይ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውም አብሮት ይቆያል።